ብሮድካስት ምን ማለት ነው? ከእርሻ ወደ ሬዲዮ የተሻገረ ግስ

ብሮድካስት ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነው። በእንግሊዝኛ ግን ቃሉ መጀመሪያ የገበሬ ነበር፤ ዘርን በእጅ እየበተኑ መዝራት ማለት ነው። «ብሮድ» ሰፊ፣ «ካስት» ደግሞ መወርወር ነው፤ ሁለተኛው ከጥንቱ የስካንዲኔቪያ ቋንቋ የተወረሰ ነው።

እንግሊዛዊው ጄትሮ ተል በ1701 እ.ኤ.አ. ገደማ በመስመር የሚዘራ መሣሪያ ሠራ። በዚያው መቶ ዘመን ስለ እርሻ የጻፉ ሰዎች የመስመርን ዘር ከነባሩ አዘራር ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ነባሩን «ብሮድካስት» እያሉ ጠሩት። ክርክሩ ለእኛም አዲስ አይደለም፤ ጤፍ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሚዘራው በብተና ነው። በሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ግራም ይመከራል፤ በመስመር ሲሆን ከዚያ በጣም ያነሰ ይበቃል። የብተና ትልቁ ችግር ዘሩ አንድ ቦታ መከመሩ፣ ሌላው ቦታ መሳሳቱ ነው። የታፈገው ቡቃያ ለብርሃን ሲሻማ አገዳው ይቀጥንና ይጋሽባል፤ መሄጃ ስለሌለው አረሙንም ማረም ያስቸግራል። ዘሩን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በማሳው ርዝመት፣ ግማሹን በአግድም መበተን ብዙ ይረዳል። እንደ ጤፍ ያለ ደቃቅ ዘር ከደረቅ አሸዋ ጋር ቢቀላቀል ለእጅ ይመቻል። ነፋስ ባለበት ሰዓት ግን አለመዝራት ነው።

ሬዲዮ ቃሉን የወሰደው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነው። ገመድ አልባ መልእክት ቀድሞ በአብዛኛው ከአንድ ጣቢያ ወደ አንድ መርከብ ወይም ወደ ሌላ ጣቢያ የሚላክ ነበር፤ ሌላ ሰው መስማቱ እንደ ጉድለት ይታይ ነበር። ኬዲኬኤ የተባለው የፒትስበርግ ጣቢያ ኅዳር 2 ቀን 1920 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን የምርጫ ውጤት ሲያሰማ ግን ተቀባይ ያለው ሁሉ እንዲሰማው ታስቦ ነው። ቢቢሲም (ብሪቲሽ ብሮድካስቲንግ ካምፓኒ) በ1922 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ቃሉን በስሙ ውስጥ ይዞ ነው። ስያሜው በጣም የተሳካ ይመስለኛል፤ ዘሪውም ተናጋሪውም የበተኑት የት እንደሚያርፍ አያውቁምና።

በሰዋስው በኩል፣ ኃላፊ ጊዜው እንደ «ካስት» ሳይለወጥ «ብሮድካስት» ይባላል። «ብሮድካስትድ» የሚለውም በመዝገበ ቃላት አለ፤ ለጽሑፍ ግን አጭሩ ይመረጣል።

በኮምፒውተር ኔትዎርክም ብሮድካስት አለ፤ ወደ 255.255.255.255 አድራሻ የተላከ መልእክት በዚያው የውስጥ መረብ ላሉ መሣሪያዎች ሁሉ ይደርሳል፤ ራውተር ወደ ውጭ አያሳልፈውም። ሁለት ስዊቾች (የመረቡን መሣሪያዎች በኬብል የሚያገናኙ ሣጥኖች) መልእክት እንዳይዞር የሚከላከለው ቅንብር ሳይበራ በሁለት ኬብል ከተገናኙ መልእክቱ እየተባዛ ይዞርና መረቡን በሙሉ ያጨናንቃል፤ መፍትሔው ትርፉን ኬብል መንቀል ነው።