የግድግዳ ካላንደር፦ የሚባለውና እውነታው

“ስልክ እያለ ካላንደር ምን ያደርጋል?”
ስልክ የሚያስታውሰው ባለቤቱን ብቻ ነው። ግድግዳ ላይ የተጻፈውን ግን የቤቱ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ እናት ሐሙስ የሐኪም ቀጠሮ እንዳላት ልጆቹ ሳይነገራቸው ያውቃሉ። ካላንደር ግን አይጮኽም። ስለዚህ ቀኑን ለግድግዳው፣ ሰዓቱን ለስልኩ መስጠት ነው።

“ዋናው ሥዕሉ ማማሩ ነው”
ለጌጥ ከሆነ እሺ። ሊጻፍበት ከሆነ ግን የሚታየው የየቀኑ ሳጥን ነው። ኤ3 ወረቀት 29.7 በ42 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቁም ተደርጎ የላይኛው ግማሽ ለሥዕል ከተሰጠ ለአንድ ቀን የሚደርሰው ሳጥን በወርድም በቁመትም 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ጉድ አለ። 31 ቀን ያለው ወር በሳምንቱ መጨረሻ ከጀመረ 6 ረድፍ ይፈልጋል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ማርች 2026 እሑድ ይጀምራል፤ ሳምንቱን ከሰኞ በሚጀምር ካላንደር 30 እና 31 ስድስተኛ ረድፍ ላይ ይወርዳሉ። አንዳንድ አታሚዎች ቦታ ለመቆጠብ 23ን እና 30ን በአንድ ሳጥን ውስጥ በሰያፍ መስመር ለያይተው ያጭቋቸዋል። እዚያ ስም እንኳ አይገባም። ከመግዛትዎ በፊት እንዲህ ያለውን ወር ገልጠው ይዩ።

“ሳምንቱ ከየትም ቢጀምር ለውጥ የለውም”
አለው። ዓይን ቀኑን የሚፈልገው በቦታው ነው። የቢሮው ከእሑድ፣ የቤቱ ከሰኞ የሚጀምር ከሆነ የማክሰኞውን ጉዳይ ሰኞ ላይ መጻፍ አይቀርም።

“በማንኛውም እስክሪብቶ ይጻፋል”
የተለመደው እስክሪብቶ ቀለሙ ወደ ጫፉ የሚወርደው በስበት ነው፤ ወረቀቱ እንደተሰቀለ ሲጻፍበት ጥቂት ቆይቶ መጻፍ ያቆማል። እርሳስ ይሻላል፣ ቀጠሮ ሲዛወርም ይጠፋል። አንጸባራቂ ወረቀት ግን እርሳስን በደንብ አይቀበልም። ስለዚህ የማያንጸባርቅ ወረቀት ይምረጡ፣ እርሳሱንም በክር አጠገቡ ያንጠልጥሉ።

“ሁሉም ነገር መጻፍ አለበት”
በእኔ እምነት ካላንደርን ከጥቅም ውጭ የሚያደርገው ይሄ ነው። የታጨቀ ሳጥን አይነበብም። በየቀኑ የሚደረገውን ይተዉት፤ ቀኑ የማይነቃነቀውን ይጻፉ፦ ፈተና፣ ክፍያ፣ ጉዞ። የመጨረሻውን ቀን ብቻ መጻፍም አይበቃም። ማመልከቻ በ20 የሚዘጋ ከሆነ በ13 ላይ “ሰነድ ማሟላት” ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል፤ 20 ላይ የተጻፈው ብቻውን የሚጠቅመው መዘግየትዎን ለማወቅ ነው።

ቀለም ካማረዎት በጉዳይ ሳይሆን በሰው ይከፋፍሉት።

“ያለፈ ዓመት ካላንደር ውዳቂ ነው”
365 ቀን 52 ሳምንት ከ1 ቀን ስለሆነ ቀናቱ በየዓመቱ እየተገፉ ከዓመታት በኋላ አሰላለፋቸው ተመልሶ ይመጣል። የእ.ኤ.አ. 2015 ካላንደር ለ2026 ቀን በቀን ይገጥማል። በጨረቃ የሚቆጠሩትን በዓላት ግን በአሮጌው አይመኑ፤ ከአዲስ ካላንደር ያመሳክሩ።