«ኢምፕላከብሊ»፦ ሽማግሌ የማይመልሰው ጠላትነት

በእንግሊዝኛ ዜና አንድ ፓርቲ ዕቅዱን «ኢምፕላከብሊ ኦፖዝድ» ነው ሲባል ብዙ ሰው «በጣም ይቃወማል» ብሎ ያልፈዋል። አልተሳሳተም፤ ግን ዋናው ነገር አምልጦታል። በጣም የሚቃወምን ሰው ብታግባቡት፣ ካሳ ብታቀርቡለት ሊለዝብ ይችላል። ኢምፕላከብሊ የሚቃወመው ግን ወይ ፍንክች! ሽማግሌ ብትልኩበት፣ ድንጋይ ብትሸከሙለት አይበርድለትም።

የቃሉ ሥር የላቲኑ «ፕላካሬ» ነው፤ ቁጣን ማብረድ ማለት ነው። ከፊቱ የገባው «ኢም» አፍራሽ ነው።

ሮማዊው ካቶ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሮም ባላንጣ የነበረችው የካርቴጅ ከተማ መሸነፍ አልበቃውም። በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ስለ ሌላ ጉዳይ ሲናገር እንኳ ማሳረጊያው «ካርቴጅ መጥፋት አለባት» ነበር ይባላል። እሱ በ149 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሞተ፤ ከተማዋም በ146 ተደመሰሰች። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ኢምፕላከብሊ ሆስታይል» (ጠላትነቱ የማይበርድ) የሚሉት እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ለተራ ቅሬታ ግን አይሆንም። «ስኳር የሌለው ቡና ኢምፕላከብሊ እጠላለሁ» ካላችሁ ሰው ይስቃል። ከ«ኢምፔከብሊ» ጋርም እንዳታምታቱት፤ እሱ «እንከን በሌለው መንገድ» ማለት ነው። አለባበሳቸው ያማረ አለቃችሁን «ኢምፕላከብሊ ለብሰዋል» ብትሏቸው፣ ከማን ጋር ተጣልቼ ነው ይላሉ።