ነጭ ሸረሪት ምንድን ናት?

አበባ ላይ የተቀመጠች ነጭ ሸረሪት ፎቶግራፍ በታየ ቁጥር «ይህች ያችው መርዘኛዋ ነጭ ሸረሪት ናት» ብሎ የሚፈርድ አዋቂ አይጠፋም። ፍርዱ የሚያርፈው በቀለሟ ላይ ብቻ ስለሆነ ከመነሻው የተሳሳተ ነው። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ «ነጠላ የለበሰችውን ሴት ጥሩልኝ» የሚል ሰው የትኛዋ እንደምትመጣለት አያውቅም።

በምሥራቅ አፍሪካ አበቦች ላይ የምትታየው ነጭ ሸረሪት አብዛኛውን ጊዜ ሸርጣን መሰል ሸረሪቶች ከሚባሉት አስተኔ (ቤተሰብ)፣ ቶሚሰስ ከተሰኘው ወገን፣ ማለትም ከተቀራራቢ ዝርያዎች ቡድን፣ ናት። የፊት ሁለት ጥንድ እግሮቿ ከኋለኞቹ ይልቅ ረጃጅምና ጠንካራ ናቸው፤ ሆዷ ከፊት ጠበብ ብሎ ወደ ኋላ እየሰፋ በሁለት ማዕዘን ያበቃል፤ የጎን ዓይኖቿም ቀንድ በሚመስል ጉብታ ላይ ይገኛሉ። ለማደን ድር አታደራም፤ አበባው ላይ አድፍጣ ንብና ዝንብ ትይዛለች።

ቀለሟ ደግሞ አይጸናም። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የምትኖረው፣ በሚገባ የተጠናችው ዘመዷ ሚዙሜና ቫቲያ ቢጫ አበባ ላይ ስትሰነብት ከ10 ቀን በላይ በሚወስድ ለውጥ ቢጫ ትሆናለች፤ ወደ ነጭ አበባ ብትመለስ ቢጫው ከዚያ ባጠረ ጊዜ ይለቃል። እንግዲህ በቀለሟ መለየት ነጠላዋን ቀይራ የመጣችን ሴት ሌላ ሰው ናት እንደ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ነጠላ ከላይ ሲደረብ፣ የሸረሪቷ ነጭ ግን ብርሃን በሚያሳልፈው ቆዳዋ ሥር ካሉ ጓኒን የተባለ ንጥረ ነገር ክሪስታሎች የሚመነጭ፣ ቢጫውም በላዩ ባሉት የቆዳ ሕዋሳት ውስጥ የሚጠራቀም መሆኑ ነው። ወንዱ በበኩሉ እጅግ ትንሽና ብዙ ጊዜ ቡናማ ስለሆነ ነጭ የሚፈልግ ዓይን ጭራሽ አያየውም።

ስለ «መርዘኛዋ»ም እንነጋገር። መርዝ የሌለው ሸረሪት ጥቂት ነው፤ የቶሚሰስ መርዝ ከራሷ የሚተልቅ ንብ ይገድላል፣ ለሰው ግን የሚያሰጋ አይደለም። ሰውን ነክሶ የሚያሳምም ፈዛዛ ሸረሪት ከተገኘ ኬይራካንቲየም የተሰኘውን ወገን መጠርጠር ይቀላል፦ ቀለሙ እንደ ገለባ፣ መንጋጋው ጠቆር ያለ፣ ሌሊት እየተዘዋወረ የሚያድን፣ ቀን ቀን በተጠቀለለ ቅጠል ወይም በግድግዳ ጥግ በሠራው የሐር ከረጢት የሚደበቅ ነው። ንክሻው ሥጋ ያበሰብሳል የሚለው ወሬ ግን በቂ ማስረጃ የለውም። ማንኛውም ሸረሪት ቆዳውን በገፈፈ ሰሞን እንደሚገረጣም፣ ባልጠየቁኝም፣ መናገር ይገባኛል።

ዝርያን መለየት የሚቻለው አብዛኛውን ጊዜ የአዋቂዋን የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ በመመርመር ነው፤ ይህ አካል ገና ያልዳበረላትን ወጣት ሸረሪት ባለሙያውም ቢሆን ከወገን አሳልፎ አይሰይማትም። ስለዚህ ከፎቶግራፍ ሥር «ቶሚሰስ፣ ዝርያዋ ያልተለየ» ተብሎ ሲጻፍ ለስንፍና አይቆጠር፤ ከፎቶግራፍ የሚገኘው ሙሉ መልስ ያ ነው።