የተበጠሰ የዶቃ ሐብል፦ ስለ ጥገናው የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጨሌም ይሁን የብር ዶቃ፣ አምበርም (ከጥንት ዛፍ ሙጫ የተገኘ ዶቃ) ይሁን ሉል፣ የአንገት ሐብል ሲበጠስ መጀመሪያ የሚወቀሰው ክሩ ነው። ወፍራም ክር ይገዛል፣ ዶቃው ይሰካል፣ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ይበተናል። ሐብል ቤት ውስጥ መጠገን ከባድ ሥራ አይደለም። የሚያበላሸው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍ የኖረ የተሳሳተ ምክር ነው።

«ክሩ ደካማ ስለሆነ ነው፤ ጠንካራ ክር ይግባለት»

ብዙ ጊዜ ክሩን የሚበላው ራሱ ዶቃው ነው። የድሮውን ክር ከመጣላችሁ በፊት የተበጠሰበትን ጫፍ ብርሃን ላይ ይዛችሁ እዩት። አንድ ቦታ ብቻ ተፍቆ ከሳሳና ሌላው ደህና ከሆነ፣ እዚያ ላይ የነበረው ዶቃ ቀዳዳው ስለት አለው ማለት ነው። ከዳር እስከ ዳር ጠቁሮ በትንሽ ጉተታ የሚበጣጠስ ከሆነ ግን የጨረሱት ላብና ዕድሜ ናቸው።

በወሎና በሐረር ከአምበር ጋር የሚሰኩት ዓይነት የብር ዶቃዎች ከስስ ብር ሲሠሩ የቀዳዳቸው አፍ ሊቆርጥ ይችላል። ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት እንደ ስንደዶ አቅጥናችሁ ጠቅልሉ፤ በሁለቱም በኩል ቀዳዳው ውስጥ አስገብታችሁ በቀስታ አሽከርክሩት። ከዚያ የጥጥ ክር አሳልፋችሁ ወዲያ ወዲህ ጎትቱ። ክሩ ከያዘ ወይም ጭረት ካወጣ ሥራው ገና ነው። አፉ የተሸረፈ የመስታወት ጨሌ ግን በዚህ መንገድ አይስተካከልም፤ ከሐብሉ ማውጣት ይሻላል።

ክሩ ቀዳዳውን ሞላ አድርጎ ሳይጨናነቅ የሚያልፍ ይሁን። ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ የሚዋልል ክር ቶሎ ይፋቃል። ቀጭኑን ደርቦ ማስገባት ብዙ ጊዜ ይበጃል።

«የዓሣ ማጥመጃ ክር አይበጠስም»

ነጠላው የናይለን ክር እንደተጠቀለለ መቅረት ይወዳል፣ በክብደት ይለጠጣል፣ ፀሐይ ሲበዛበት ይደርቃል፣ ቋጠሮውም ይንሸራተታል። ጫማ ሰፊዎች ከሚጠቀሙበት ሰም የተቀባ ናይለን ክር ቀጭኑን ብታገኙ በብዙ ይሻላል። በእጃችሁ ያለው የልብስ ስፌት ክር ብቻ ከሆነ፣ ለቀላል ጨሌ ደርባችሁ ከንጹሕ የማር ሰም በተሠራ ጧፍ ላይ ደጋግማችሁ ሳቡት። ሰሙ ፍትጊያውንም ላቡንም ይቀንስለታል። ለከባድ ብር ግን የጥጥ ክር አይበቃም።

«ሱፐር ግሉ ቋጠሮውን ያጸናዋል»

አጥብቄ የምቃወመው ይህን ነው። ሙጫው የነካው ክር ይደርቃል፤ የደረቀው ከለስላሳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ይሰበራል። ትነቱም ዶቃው ላይ ነጭ ጭጋግ ሊተው ይችላል። ቋጠሮን የሚያጸናው አቋጣጠሩ ነው፦ በመጀመሪያ ቀኙን በግራው ላይ፣ ቀጥሎ ግራውን በቀኙ ላይ። ሁለቱንም ጊዜ ቀኙን ካስቀደማችሁ ይላላል። የመጀመሪያውን ዙር ሁለቴ ብታዞሩት ደግሞ እስክትጨርሱ አይለቅም። ትርፉን ክር ሥር ድረስ አትቁረጡ፤ በአጠገቡ ባሉት ሦስት አራት ዶቃዎች ውስጥ መልሳችሁ ካሳለፋችሁ በኋላ ቁረጡት።

ሙጫ የሚጠቅመው መርፌ የማያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ ሲገጥም ነው። የክሩን ጫፍ በሙጫ ወይም በጥፍር ቀለም ቀብታችሁ ስታደርቁትና ሰያፍ ስትቆርጡት ራሱ መርፌ ይሆናል። ሥራው ሲያልቅ ያ ጫፍ ተቆርጦ ይጣላል።

«የተበጠሰበትን ቦታ ብቻ መቋጠር ይበቃል»

አይበቃም። የቀረው ክርም እኩል አርጅቷል፤ ሙሉውን አፍርሶ እንደገና መሰካት ነው። ከማፍረስ በፊት የዶቃዎቹን ተራ በስልክ ፎቶ አንሱ። ከእናት ወይም ከአያት የመጣ ሐብል ከሆነ ተራው ራሱ ቅርስ ነው።

«ጥብቅ ብሎ ሲሰካ ያምራል»

ዶቃዎቹ እርስ በርስ ይፋጫሉ፣ ሐብሉም አንገት ላይ አይታጠፍም። ከመቋጠር በፊት በክብ ይዛችሁ እዩት፤ ሳይገነተር ከዞረ ልኩ ነው።

«ከተፈታ አይቀር በሎሚ ይታጠብ»

ሉል፣ ዛጎልና መርጃን (ኮራል) ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም እንደ ኖራ ድንጋይ ያለ ነገር ናቸው፤ ሎሚና ኮምጣጤ ገጻቸውን ይበላዋል። አምበርን አልኮልና ሽቶ ያደበዝዙታል። ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና የራሰ ጨርቅ ይበቃል፤ ከመሰካቱ በፊት በደንብ ይድረቅ። አምበሩን ጨው በብዛት በሟሟበት ውሃ የሚፈትኑም አሉ። መስጠሙ አምበር አለመሆኑን ይጠቁማል፤ መንሳፈፉ ግን እውነተኛነቱን አያረጋግጥም፤ አንዳንድ ፕላስቲክም ይንሳፈፋል።

«አንዳንድ ዶቃ ስለጠፋ አለቀለት»

የድሮ ሐብሎች ብዙዎቹ ከጣሊያኗ ቬኒስና በዛሬዋ ቼክ ካለችው ቦሄሚያ በንግድ የመጣን ጨሌ ከአገር ቤት ብር ጋር ያደባለቁ ናቸው፤ መቀላቀል ነውር ሆኖ አያውቅም። በመጠኑ የሚቀርበውን ተተኪ ፈልጋችሁ ከኋላ፣ ከመቆለፊያው አጠገብ ግራና ቀኝ አስቀምጡት። የፊት ለፊቱ ተራ እንደነበረ ይቀራል።