ዴቭኦፕስ ኢንጂነር ምንድን ነው? ሥራውስ ወዴት ያደርሳል?

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ሐበሾች ዘንድ «ምን ልማር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከሚያገኛቸው መልሶች አንዱ «ዴቭኦፕስ» ነው። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲል ግን አንዱ የመሣሪያ ስም ይደረድርለታል፣ ሌላው ደሞዙን ይነግረዋል። ሥራውን የሚነግረው ጥቂት ነው።

ከስሙ እንጀምር። «ዴቭ» ሶፍትዌር የሚጽፉት ናቸው። «ኦፕስ» ደግሞ የተጻፈውን ሰርቨር (አገልግሎቱ የሚሠራበት ኮምፒውተር) ላይ ጭነው እንዳይወድቅ የሚጠብቁት። ዴቨሎፐሩ የሚመሰገነው አዲስ ነገር ሲጨምር ነው። የሰርቨሩ ጠባቂ የሚመሰገነው ሁሉም ነገር ሰላም ሲያድር ነው። ታዲያ እንዴት ይስማሙ? ሲስተሙ ሲወድቅ አንዱ «እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል» ይላል፣ ሌላው «ኮዳችሁ ነው» ይላል። ደንበኛው መሀል ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ጆን ኦልስፖና ፖል ሃሞንድ የተባሉ ሁለት የፍሊከር (የፎቶ ማጋሪያ ድረ ገጽ) ባለሙያዎች በአንድ ጉባኤ ላይ ቆመው፣ ኩባንያቸው በቀን ከ10 ጊዜ በላይ አዲስ ኮድ እንደሚለቅ ተናገሩ። ብዙ ኩባንያ በወራት አንዴ፣ ያውም እየተሳቀቀ በሚለቅበት ዘመን! ምስጢራቸው ጸሐፊዎቹና ጠባቂዎቹ አብረው መሥራታቸው ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ቤልጂየማዊው ፓትሪክ ደቧ በጌንት ከተማ «ዴቭኦፕስ ዴይስ» የሚል ስብሰባ ጠራ። ስሙ በዚያው ቀረ። ያኔ እንግዲህ የሥራ መደብ አልነበረም፤ «ተነጋገሩ፣ አብራችሁ ሥሩ» የሚል ሐሳብ ነበር። ኩባንያዎች ሐሳቡን መደብ ያደረጉት በኋላ ነው። አንዳንዱ ቤት ሁለቱን ጎረቤቶች ማስታረቅ ሲገባው ሦስተኛ ጎረቤት ጨመረ።

ነገሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ከናይት ካፒታል ታሪክ በላይ የሚያስረዳ አላውቅም። አሜሪካ ውስጥ አክሲዮን በገፍ የሚገበያይ ድርጅት ነበር። ለኦገስት 1 ቀን 2012 የሚደርስ አዲስ ኮድ 8 ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት። 7ቱ ላይ ተጫነ፣ አንዱ ተረሳ። የሠራተኛውን ሥራ ያየ ሁለተኛ ሰው አልነበረም። በተረሳው ሰርቨር ላይ ድርጅቱ መጠቀም ካቆመ ዓመታት ያለፉት አሮጌ ኮድ ተኝቶ ነበር። ገበያው ሲከፈት ነቃና ሳያባራ ይገዛና ይሸጥ ጀመር። የሚገርመው፣ ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ራሱ 97 ኢሜይል ልኮ ነበር። እንደ ማንቂያ ያያቸው ሰው አልነበረም። እሳቱን ለማጥፋት ሲሯሯጡ ደግሞ ይባስ ብለው አዲሱን ኮድ ከ7ቱ ላይ አነሱት፤ አሮጌው እዚያም ነቃ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ በነነ። ድርጅቱ በዓመቱ በሌላ ተጠቃለለ።

የዴቭኦፕስ ኢንጂነር ሥራ እዚህ ታሪክ ውስጥ ከተጓደለው ሁሉ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ኮድ በእጅ አይጫንም። ዴቨሎፐሩ ጽፎ ጊት (የኮድ ለውጥ ሁሉ የሚመዘገብበት መሣሪያ) ላይ ሲያስገባው ማሽኑ ራሱ ይፈትነዋል፣ ያሽገዋል፣ ሁሉም ሰርቨር ላይ እኩል ያደርሰዋል። ይህን መንገድ የሚዘረጋው ኢንጂነሩ ነው። ዶከር ማሸጊያው ነው። ኩበርኔቲስ የታሸጉትን ያሰማራል፣ አንዱ ሲሞት ሌላ ይተካል። በቴራፎርም ሰርቨሮቹ ራሳቸው በጽሑፍ ይታዘዛሉ፤ ስለዚህ ሁለተኛ ሰው አንብቦ «ይሁን» ወይም «ቆይ» ማለት ይችላል። ማንቂያው እንደ ኢሜይል ክምር ሳይሆን ሰው እንደሚቀሰቅስ ስልክ ይጮኻል። ወደ ኋላ መመለሻውም አስቀድሞ የተሞከረ ነው፤ በጭንቅ ሰዓት አይፈለሰፍም።

ስለ እንጀራው ደግሞ እናውራ። ደሞዙ ጥሩ መሆኑ ሐሰት አይደለም። ኩባንያ ሁሉ ሶፍትዌር ላይ በተንጠለጠለበት ጊዜ ሲስተሙ እንዳይወድቅ የሚጠብቅ ሰው ይፈለጋል። አዲስ አበባም ቢሆን ገንዘብ በስልክ ከተላከ፣ ከጀርባው ሌሊቱን ሙሉ የሚጠበቅ ሰርቨር አለ። ግን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፦ ይህ የጀማሪ በር አይደለም። «በጥቂት ወር ትቀጠራለህ» የሚሉ ማስታወቂያዎችን አላምናቸውም። ሰርቨር አስተዳድሮ የማያውቅ፣ ኮድም ጽፎ የማያውቅ ሰው ሁለቱን ሊያስታርቅ አይችልም። አብዛኛው ሰው ከሄልፕ ዴስክ (የኮምፒውተር ተጠቃሚዎችን ከመርዳት)፣ ከሲስተም አድሚን (ከሰርቨር አስተዳዳሪነት) ወይም ከዴቨሎፐርነት ተሻግሮ ነው የሚገባው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሊኑክስ (ብዙ ሰርቨር የሚሠራበት ስርዓተ ክወና)፣ ኔትወርክ፣ ትንሽ ፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ)። ክላውዱ (በኢንተርኔት የሚከራዩት ሰርቨር) ከዚያ በኋላ ይመጣል። የዶላር ካርድ የሌለው ሰው አይጨነቅ፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ጭኖ፣ ዶከርና ትንሿን ኩበርኔቲስ በነፃ መለማመድ ይቻላል። እያፈረሰ ደግሞ ያስነሳት። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ሰፊ ነው፦ የሲስተም አስተማማኝነት መሐንዲስ፣ የፕላትፎርም ኢንጂነር፣ የክላውድ ደኅንነት።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራውን ይወስደው ይሆን? የማዋቀሪያ ፋይሉን በሰከንድ እንደሚጽፈው አይቻለሁ። ጽፎት ሲያበቃ ግን 8ኛው ሰርቨር ተረስቶ እንደሆነ የሚጠይቅ፣ ሲወድቅም የሚጠየቅ ሰው አሁንም ይፈለጋል።

ተረኛነቱን የሚነግራችሁ ማስታወቂያ ብዙም የለም። ሲስተሙ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲወድቅ የሚደወለው ለእናንተ ነው። ትዳርም ጤናም ያናጋል። ታዲያ ቨርጂኒያ ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ረፋዱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው። ከሀገር ቤት ሆኖ ለአሜሪካ ኩባንያ የሚያመለክት ሰው ይህን ማመልከቻው ላይ ሲጽፍ አላየሁም።