«እግሬ እስካሁን ለምን ያብጣል?» ከእግር ቀዶ ጥገና በኋላ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንዲት የአዘዞ እናት በሐምሌ ዝናብ ኮብልስቶን ላይ ተንሸራተው ቁርጭምጭሚታቸው ተሰበረ። በቀዶ ጥገና ብረት ገባላቸው። ኅዳር ላይ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍላችን ሲመጡ እያለቀሱ ነበር። ጠዋት ጫማቸው ልክክ ብሎ ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ማሰሪያው አልደርስ ይላል። «ልጄ፣ ተበላሽቶ ነው መሰለኝ። ሰው ሁሉ በሁለት ወር ድነሽ ትነሻለሽ ብሎኝ ነበር» አሉኝ።

እግራቸውን አየሁት። ቁስሉ ደርቋል፣ አይሞቅም፣ አይቀላም፤ ራጁም አጥንቱ ደህና እየያዘ መሆኑን ያሳያል። ለአራተኛ ወር የሚጠበቅ እግር ነው። ሴትዮዋ ግን ሁለት ወር ሙሉ በከንቱ ሲጨነቁ ከርመዋል። እንዲህ የሚያስጨንቁ፣ አንዳንዴም እግር የሚያሳጡ አባባሎች ጎንደር ውስጥ በየሳምንቱ ይገጥሙኛል።

«ራጁ ገጥሟል ካለ ድኛለሁ»

አጥንት ለመያዝ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። ስኳር ላለበትና ሲጋራ ለሚያጨስ ከዚያም ይረዝማል። ነገር ግን ሳምንታት ጀሶ ውስጥ የከረመ እግር ባቱ ይከሳል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል። ከእግር ወደ ልብ ደም የሚገፋው ደግሞ በአብዛኛው ይኸው የባት ጡንቻ ነው። ጡንቻው ሲደክም ፈሳሹ ታች ይጠራቀማል። ለዚህ ነው ጠዋት የቀለለው እግር ማታ የሚያብጠው፤ ቁልቁል ሲያወርዱት ወይን ጠጅ ቀለም የሚይዘውም ለዚሁ ነው። እብጠቱ 6 ወር፣ አንዳንድ ሰው ላይ አንድ ዓመት ድረስ እየመጣ ይሄዳል። እግርን ሰቅሎ በማደር የሚቀንስ ከሆነ አያስፈራም። በየቀኑ እየባሰ የሚሄድ፣ የሚሞቅና የሚቀላ፣ መግል ወይም ሽታ ያለው፣ ትኩሳት የሚያስከትል ከሆነ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ ሐኪም ማየት አለበት።

«እግር ሰቅሎ እንግዳ መቀበል ነውር ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚመጣው ከጥሩ ባህላችን ነው። ጠያቂ በገባ ቁጥር በሽተኛው ከትራሱ ይነሳል፣ እግሩን ያወርዳል፣ «ኖር!» ይላል። እንግዳው «በእግዜር» ብሎ ይቀመጣል፤ ቡና ይፈላል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ሦስተኛው ስኒ እስኪጠጣ እግሩ አንድ ሰዓት ከመንፈቅ ታች ተንጠልጥሏል። ቅዳሜና እሑድ አምስት ስድስት ጠያቂ ሲመጣ ምን እንደሚሆን አስቡት።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እግሩ የቀኑን አብዛኛውን ጊዜ ከልብ ከፍ ብሎ መዋል አለበት። ዱካ ላይ ማስቀመጥ አይበቃም፤ በሽተኛው ጋደም ብሎ ሁለት ሦስት ትራስ ከባቱ ሥር ይደረግለት። ይህ እብጠቱን ይቀንሳል፤ ያላበጠ ቆዳ ደግሞ ስፌቱን ይሸከማል፣ ቶሎም ይዘጋል። ለቤተሰብ ሁልጊዜ የምነግረው ነገር አለ፤ አንድ ልጅ በር ላይ ቆሞ «እንዳይነሱ ታዘዋል» ይበል። «ኖር» ተጋድሞም ይባላል፤ የሚቀየም ጠያቂ እስካሁን አላየሁም።

«ወጌሻ ቢያሸው ይፍታታል»

ወጌሻ ለዘመናት ሕዝባችንን የረዳ ሰው ነው፣ በክብሩ አልመጣም። በቀዶ ጥገና ብረትና ብሎን የገባበት እግር ግን ለመጎተትና ለመጠምዘዝ አይሰጥም። ጠብቆ የሚታሰር ቀርከሃ ደም ይከለክላል። ጣቶቹ ሲቀዘቅዙ፣ ሲደነዝዙ፣ ሲጠቁሩ «እየሠራበት ነው» ተብሎ የታለፈ እግር ተቆርጦ የቀረበት ሰው በአገራችን ጥቂት አይደለም።

ሌላም አደጋ አለ። ከቀዶ ጥገና በኋላ ብዙ የተኛ ሰው ባቱ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። አንዱ ባት ብቻ ካመመ፣ ካበጠና ከሞቀ አይታሽ፤ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ይኬድ። ደረት ከወጋ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን አይታደር።

ማሸት የሚፈልግ ስፌቱ ወጥቶ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ ጠባሳውን በገዛ ጣቱ በቫዝሊን ቀስ እያለ ማለስለስ ይችላል። ቁስሉ ሳይዘጋ ግን ጨው ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍም ሆነ ጠበል ማፍሰስ ይቆይ፤ የረጠበ ስፌት ይከፈታል፣ ያመረቅዛል። ስፌት የሚወጣው ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት አካባቢ ነው፤ ስኳር ያለበት ሰው ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

«ካላመመኝ እረግጣለሁ»

ማስታገሻ የወሰደ ሰው ሕመሙ ተሸፍኖበታል። ስኳር ነርቩን የጎዳበት ሰው ደግሞ ብሎኑ ተሰብሮም ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ መቼና ምን ያህል እንደሚረገጥ የሚወስነው የቀዶ ሐኪሙ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ «20 ኪሎ ብቻ» ሲሆን ሰው ግራ ይገባዋል፤ እግር ኪሎ አይቆጥርማ! እኔ የማሳያቸው በሚዛን ነው። መንገድ ዳር ሰው የሚመዝኑ ልጆች የሚይዙት ዓይነት ይበቃል። ጤነኛውን እግር ከፍታው ከሚዛኑ ጋር እኩል በሆነ ነገር ላይ አቁመው፣ በክራንቹ ተደግፈው፣ የታመመውን ቀስ አድርገው ሚዛኑ ላይ ይጫኑት። ቀስቱ 20 ላይ ሲደርስ እግርዎ ሥር የሚሰማዎትን ያስታውሱ። አንዱ ጎልማሳ በስሱ የረገጠ እየመሰለው 45 ሲያነብ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አልሳተም።

ክራንች በብብት አይደገፉትም፤ በብብትና በክራንቹ አናት መካከል ሁለት ሦስት ጣት ክፍተት ይኑር፣ ክብደቱን እጅ ይሸከመው። ብብት ላይ ከተጫነ ነርቭ ይጎዳል፣ እጅ ይደነዝዛል። ወደ አንድ ክራንች ሲወርዱ የሚያዘው በጤነኛው እግር በኩል ነው፤ ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል። ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ናትና ይህንም ይያዙ፤ ደረጃ ወይም ዳገት ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ ክራንቹና የታመመው ይቅደሙ። የክራንቹ ጎማ ካለቀ በርጥብ ኮብልስቶን ላይ አይውጡ።

መጸዳጃ ቤቱ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ ከሆስፒታል ሳይወጡ መሐሉ የተቀደደ ወንበር ያሠሩ። ብዙዎች እዚያ ነው የሚወድቁት።

«ጨርሶ ካላረፈ አይድንም»

ማረፍ ማለት መድረቅ አይደለም። ሐኪም ካልከለከለ ጣቶችንና ጉልበትን ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ በየሰዓቱ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

«ቅልጥም ካልተበላ፣ ጾም ካልተፈታ አጥንት አይገጥምም»

የቅልጥም መረቅ ይጣፍጣል፣ ይብላው። አጥንት የሚፈልገው ግን በቂ ፕሮቲንና ካልሲየም ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ በደንብ የሚበላ ጿሚ አጥንቱ ይገጥማል። የሚጎዳው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ውሎ ማታ በሁለት ጉርሻ የሚያበቃው ነው። እንዲህ ያለ ሰው የንስሐ አባቱን ያማክር።

«ብረቱ ብርድ ይስባል፣ መውጣት አለበት»

በታኅሣሥ ብርድ የተሠራ እግር ጥዝጥዝ ይላል፤ ስሜቱ እውነት ነው፣ ወፍራም ካልሲ ይረዳል። ብረቱ ግን ካልቆረቆረ፣ ካላመረቀዘ ወይም ካልላላ ዕድሜ ልክ ቢቀመጥ ችግር የለውም። እሱን ማስወጣት ሌላ ቀዶ ጥገና፣ ሌላ ቁስል ነው።

የአዘዞዋ እናት ጥር 10 ለከተራ ወጥተዋል። ታቦቱን ሙሉውን መንገድ አልተከተሉም፤ በባጃጅ እስከሚቻልበት ደርሰው፣ ከፋሲል ባሕረ ጥምቀት ግንብ አጠገብ ልጃቸው ባመጣላቸው ዱካ ላይ ተቀምጠው እልል ሲሉ ዋሉ። ማታ እግራቸው አብጦ ነበር። ትራሱ ላይ ሰቅለውት ተኙ፤ ጠዋት ጫማቸው ገባ።