«ልጄ ሆይ፣ እኔ አልጠራሁህም»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወገኖቼ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። ዛሬ የሰው ልጅ ተቀብሎ ስለማሳደግ ልጻፍላችሁ። ጉዲፈቻን ማለቴ አይደለም። ጉዲፈቻ ፍርድ ቤት ያጸድቀዋል፤ ልጁም እንደ ሆድ ልጅ ይቆጠራል። እኔ የምለው የአደራ ቤተሰብ መሆንን ነው። ወላጅ ወይም ዘመድ እስኪያገግም ልጁን ቤታችሁ ታኖሩታላችሁ። ከዚያ ትመልሳላችሁ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ልጆቻችን በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር አይሄዱም። ስለዚህ ነገሩ ወደ እኛ ደጅ ዞሯል።

በጎጃም የሰው ልጅ ማጉረስ አዲስ ነገር አይደለም። ዋሸራ ወይም ዲማ ቅኔ ሊማር የመጣ የቆሎ ተማሪ ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚመልሰው ቤት የለም። ግን ደጅ ላይ ቁራሽ መስጠት ሌላ ነው፤ ጓዳ ማስገባት ሌላ። እኔ ይህን ያወቅሁት ደብረ ማርቆስ ቤታችን አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ስትገባ ነው።

እናቷ ዐርፋለች። የምታሳድጋት አያቷ ደግሞ ታማ ተኝታለች። የመጀመሪያውን ሳምንት ልጅቷ ቃል አልወጣትም። እንጀራዋን ግማሹን ትበላለች፤ ግማሹን ትራሷ ሥር ትደብቃለች። ድርቅ ብሎ ሳገኘው ልጥለው ነበር። ባለቤቴ «ተይው፣ አትንኪባት» አለኝ። ተውኩት። ሌሊት ደግሞ ትባንናለች። መጥታ ራስጌያችን ትቆማለች። አታለቅስም፣ አትናገርም፤ ትቆማለች ብቻ። አንዳንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ። እውነቱን ልናገር፣ በሦስተኛው ተቆጥቻት አውቃለሁ።

ይህን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ቀዳማዊ ሳሙኤል ምዕራፍ 3ን አንብቢ አሉኝ። ሳሙኤል የዔሊ ልጅ አይደለም። እናቱ ሐና ለእግዚአብሔር ሰጥታው፣ በመቅደስ ዔሊ ዘንድ ያደገ ብላቴና ነው። ዔሊ ሸምግሏል፤ ዓይኑም ፈዟል። ብላቴናው በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ «ጠራኸኝ» እያለ ቀሰቀሰው። ሽማግሌው አልተቆጣም። «ልጄ ሆይ፣ እኔ አልጠራሁህም፤ ተመልሰህ ተኛ» አለው። ልጄ ብሎታል። እኔ አልጠራሁህም ደግሞ ብሎታል። በሦስተኛው የሚጠራው እግዚአብሔር መሆኑን አስተዋለ፤ ምን ብሎ እንደሚመልስም አስተማረው።

እኔ የጎደለኝ ያ ሁለተኛው ቃል ነበር። «እማዬ» እንድትለኝ እጠብቅ ነበርና። እሷ «እትዬ» ነው የምትለኝ። በልቤ ይሄን ሁሉ ለፍቼ እል ነበር። ለካ ዋጋዬን ከአምስት ዓመት ልጅ እየጠየቅሁ ኖሯል! የእናቷን ስም ለሌላ አለመስጠቷ ታማኝነት ነው። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ስንጸልይ የእናቷን ነፍስ እንዲምር፣ አያቷንም እንዲፈውስ አብረን መለመን ጀመርን። አያቷን ስንጠራ «አሜን» የምትለው ከሁላችን ጮክ ብላ ነው።

እመቤታችንም በአደራ አድጋለች። በሦስት ዓመቷ ቤተ መቅደስ ገባች፤ በዓታ ብለን ታኅሣሥ 3 ቀን የምናከብረው ይህንኑ ነው። 12 ዓመት እዚያ ኖራ ለአረጋዊ ዮሴፍ አደራ ተሰጠች። አደራ መጠበቅ በቤተ ክርስቲያናችን ትንሽ ሥራ አይደለም።

ዋጋውስ? ጌታ «እንደዚህ ያለውን አንድ ሕፃን በስሜ የሚቀበል እኔን ይቀበላል» ብሏል። እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ቅዳሜ አንሶላ ላጥብ ትራሷን አነሳሁ። ሥሩ ምንም የለም። በማግስቱም የለም። በሦስተኛውም ቀን የለም። ነገም እንደምትበላ አምናለች ማለት ነው። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በዓመት ከምናምን አያቷ ድና ከቢቸና መጣች። ልጅቷ ከሩቅ አይታት ሮጠች፤ ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። አመመኝ። ግን እኮ ስንለምን የነበረው ይህንኑ ነው።

ሐና በየዓመቱ ለሳሙኤል ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። ድሮ ሳነበው አልፈው ነበር። አሁን ግን አስበዋለሁ፤ ያላየችውን ልጅ ቁመት ገምታ ነው የምትሰፋው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንላለን አይደል? እኔም ለጥምቀት ቀሚስ አሰፍቼ ወደ ቢቸና ሰው በሄደ ቁጥር እልካለሁ። አምና አጥሯት ነበር አሉኝ። ዘንድሮ አራት ጣት አስረዝሜዋለሁ።